ሞሎባሊ እንዴት ይራመድ ነበር

ሲታን ጃራ አባቷን መፈለግ የጀመረችው በሲኒማ ነው። ልጅ ሳለች ማርካላ ከተማ ውስጥ፣ ከግድቡ ሠራተኞች ሰፈር አጠገብ፣ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች አልፎ አልፎ በመኪና ይመጡ ነበር። የሚታየው የጦርነት ፊልም ነው የተባለ እንደሆነ ከመንደሯ ከሶሮባ ድረስ በእግሯ ትሄድና ከሁሉ ፊት መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ጥቁር ወታደር ብቅ ባለ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። አባቷ ሞሎባሊ ጃራ እሷ በሆድ ሳለች ለፈረንሳይ ጦር ተመልምሎ ሄዶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ጦርነቱን እንዲህ አጥርተው ያነሱ ሰዎች እሱንም ሳያነሱት አይቀሩም ብላ በልቧ ታስብ ነበር። ፊልም የሚባለው ነገር ጦርነቱ አልቆ፣ ሬሳው ተቀብሮ፣ ሣሩ በቅሎ ካበቃ በኋላ በተዋናዮች የሚሠራ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም።

በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ጥቁር ወታደር የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። ሣጥን ይሸከማል፤ ጥርሱን ያሳያል፤ መድፍ ሲያጓራ ዓይኑን ያፈጣል፤ ከዚያም ከሁሉ ቀድሞ ይሞታል። ሲታን እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ እየመረመረች፣ «ይኼ አይደለም፣ ይኼም አይደለም» እያለች ስታልፍ አደገች። ትዳር ይዛ፣ የመስኖ ድርጅቱ መካኒክ የነበረው ባሏ የነገሩን እውነት በገለጸላት ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈች። ያኮረፈችው ባሏን አልነበረም፤ እነዚያን የሐሰት ዓይኖች ያፈጡባትን ሰዎች ነበር እንጂ።

እንግዲህ ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ሲኒማው በገዛ እግሩ ሶሮባ ድረስ መጣላት። ሃሚዱ ሳንጋሬ የሚባል፣ ባማኮ ተወልዶ ፓሪስ ያደገ የፊልም አዘጋጅ፣ ፈረንሳይ አገር በአንድ መቃብር ላይ የሞሎባሊን ስምና የመንደሩን ስም ተጽፎ አይቶ ኖሯል። ዘመዶቹን አፈላልጎ አገኘና ፊልሙን ሊሠራ የፈለገው በዚህ ሰው ስም መሆኑን ለሲታን አጫወታት። የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር መደገፊያ ያለው ወንበር ተዘረጋላት። በየማለዳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ ይመጣል፤ እሷም እጇን ዘርግታ ትመርቃለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሥራዋ ማየት ብቻ ነው።

ሞሎባሊን ሆኖ የሚጫወተው ፋሙሳ ሲሶኮ የተባለ ወጣት ነበር። እሱም ያደገው ፓሪስ ነው፤ ሆኖም እናቱ ባምባራ ሳይናገር እራት አትሰጠውም ነበርና ቋንቋው አልጠፋበትም። መልኩ ከጥቁር እንጨት የተፈለፈለ ይመስላል። በፊልሙ ውስጥ ሞሎባሊ ንግግር አያበዛም፤ ከኒጀር ወንዝ ዳር ይቆምና ሩቅ ያያል፤ መልማዮቹ ሲመጡ ዝም ይላል፤ ሚስቱ ስታለቅስ ዝም ይላል፤ መርከብ ላይ ሲሳፈርም ዝም ይላል። መንደርተኛው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ሲታን ግን ከሳምንት በኋላ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለችና፣ «ይኼን ልጅ ሆዱን ያመዋል እንዴ?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀች።

አንድ ቀን ምሳ ሲታደል ፋሙሳ ሳህኑን ትቶ ከሲታን ምንጣፍ ጥግ ተቀመጠ፤ የማሽላውንም ገንፎ በባሚያ ወጥ እያጠቀሰ በእጁ በላ። ሲጨርስ ጣቱን ልሶ፣ ለብዙ ቀን ሲያመነታበት የከረመ የሚመስል ጥያቄ አወጣ።

«እማማ፣ አባትዎ እንዴት ነበር የሚራመዱት?»

ሲታን የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ አሰበች። ነገር ሲከብዳት እንዲህ ማድረግ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጣባት አመል ነው። ከፋሙሳ በፊት ስለ አባቷ የጠየቋትን ሰዎች ሁሉ አስታወሰች፦ ጀግና ነበረ ወይ፣ መቼ ሞተ፣ የጡረታ ገንዘብ ይከፈላችኋል ወይ። እግሩን እንዴት እንደሚያነሣ የጠየቀ ግን የለም። እሷም ራሷ አልጠየቀችም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስገረማት፤ ጥያቄ አበዛሽ እየተባለች ተገሥጻ፣ ተቆንጥጣ፣ ተመክራ ያደገች ሴት ናትና።

«አላውቅም ልጄ፤» አለችው። «አጣርቼ እነግርሃለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራው ቦታ ቀደም ብላ እየተነሳች በሽማግሌዎቹና በአሮጊቶቹ ደጅ መዞር ያዘች። ሁሉም በደስታ ተቀበሏት፤ ስለ ሞሎባሊ ደግነት፣ ጀግንነትና ሰው አክባሪነት አወሩላት። ወሬው ሁሉ ብዙ እጅ እንዳሻሸው ቅል የለሰለሰ ነበር፤ የሚያዝ ጠርዝ አላገኘችበትም። «ጥሩ፤ እንዴት ነበር የሚራመድ?» ባለች ጊዜ ግን የእያንዳንዱ ሽማግሌ ዓይን ወደ ገዛ እግሩ ያዘቀዝቃል። አንዲት አሮጊት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወጥ ሊያርርብኝ ነው ብላ ገባች፤ እሳት ግን አልተለኮሰም ነበር። በር ላይ ቆመው የነበሩ ጎረምሶች ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሲታን በመንገዷ ላይ ይህን ሁሉ ስታሰላስል ሄደች። ሰው ኀዘን ሲደብቅ ከንፈሩን አይነክስም። ነውር የሚደብቅም ከሆነ ይቆጣል እንጂ ወጥ ሊያይ አይሮጥም። እነዚህ ሰዎች የደበቋት አንድ ነገር አለ፤ የደበቁትም ነገር ያስቃል።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ዛንኬ ትራኦሬ ነው። ዛንኬ የእድሜ እኩያዋ ነው፤ አባቱ ቡጋሪ ከአባቷ ጋር አብሮ ዘምቶ፣ ተማርኮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብቻውን የተመለሰ ወታደር ነበር። ከዚህም በላይ ትራኦሬና ጃራ ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ወገን ናቸው። ትራኦሬ የሆነ ሰው ጃራን በአደባባይ ቢሰድብ፣ በሠርጉ ላይ ምግቡን ቢነጥቀው፣ በለቅሶው ላይ ቢያሾፍበት ማንም አይቀየምም፤ መቀየም ነው ነውሩ። በቀልዱ ሥር ደግሞ ጥብቅ ነገር አለ፤ የቀልድ ወገን በዝምድናው ስም የጠየቀውን ነገር እምቢ አይሉትም። ለዚህም ሲባል ማንም እንዲሁ በከንቱ አይጠይቅም።

ዛንኬ ደጁ ላይ ተቀምጦ የመጥረቢያ እጀታ ይልጋል።

«መጣሽ አንቺ አደንጓሬ በሊታ? ነፋሱ ከወዲያ ሲነፍስ ጊዜ ነው ያወቅሁሽ።»

«ተነሥ አሽከሬ፤ እመቤትህ ስትመጣ ቁጭ ትላለህ?»

«ሲኒማ ቤት ወንበር ከሰጡሽ ወዲህማ ማን ይችልሻል።»

ሲታን አልሳቀችም። አጠገቡ ተቀምጣ እጀታውን ከእጁ ወሰደችና መሬት ላይ አኖረችው። ከዚያም በአባቶቻቸው ዝምድና ስም እንደምትጠይቀው፣ መንደሩ ስለ አባቷ አረማመድ ምን እንደደበቃት እንዲነግራት አለችው። ዛንኬ እጁ ባዶ መሆኑ ጨንቆት መዳፉን እያሻሸ ነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቡጋሪ ከምርኮ ተመልሶ የሞሎባሊን ሞት ባረዳ ጊዜ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ተቀመጠ። ጃራ ሲሞት ትራኦሬው የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ሟቹ ተራምዶ፣ እንደ ሟቹ ተናግሮ ለቀስተኛውን ማሳቅ አለበት፤ ሟቹ ለመጨረሻ ጊዜ በመንደሩ መካከል እንዲያልፍ ነው። ቡጋሪም የሚገባውን አደረገ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። በዚያ መካከል የሲታን እናት፣ ሲታንን እንዳቀፈች፣ ከክቡ ተነሥታ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ያን ባዩ ጊዜ ልቧ ተሰብሯል ብለው ፈረዱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ጨዋታ በእሷም ሆነ በልጇ ፊት እንዳይደረግ ተባለ።

«ቀረ ማለት ነው?» አለች ሲታን።

ዛንኬ አንገቱን አከከ። «በእናንተ ፊት ነው እንጂ የቀረው…»

አልቀረም። በጣም ጥሩ ነበርና ሊቀር አልቻለም። አዝመራ ከገባ በኋላ ወጣቶች በከበሮ ተሰብስበው የመንደሩን ሰው እየመሰሉ በሚያሾፉበት በኮቴባ ጨዋታ ውስጥ ገባ። ቡጋሪ ሲያረጅ ዛንኬ ተቀበለው። የሶሮባ ሕፃን ሁሉ ሞሎባሊን እያየ፣ በሞሎባሊ እየሳቀ አደገ።

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። አንቺ ኒዮኖ ልጅሽ ዘንድ ስትሄጂ።»

ሲታን በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ ጎረቤቶቿ ልጅሽ ናፍቃሻለች፣ ሂጂና ዕረፊ እያሉ እንዴት እንደሚወተውቷት አስታወሰች። ጋሪ የሚያዘጋጅላት አይጠፋም ነበር፤ ስንቅ የሚቋጥርላትም እንደዚያው። በየመንገዱ ቆመው የሚሸኟት ሰዎች ብዛት ሁልጊዜ ልቧን ይነካው ነበር።

«እኔ እኮ ስለምትወዱኝ መስሎኝ ነበር።»

«ስለምንወድሽ ነዋ፤» አለ ዛንኬ፣ ከልቡ ተቀይሞ። «በሬ ያለው ሁሉ ጋሪውን አላበደረም እንዴ?»

«እንግዲያው አገሩ ሁሉ አባቴን ያውቀዋል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሲታን ጨዋታውን ነገ በፊቷ እንዲጫወት ጠየቀችው፤ እሱም የአባቶቹን ቃል ማፍረስ እንደሚያስፈራው፣ እሷም እንደ እናቷ ተነሥታ ብትሄድ ከዚያ በኋላ በየትኛው ዓይኑ እንደሚያያት አያሌ ነገር ተናገረ። ሁሉንም አስጨርሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እናቴን ለምን ተነሥተሽ ወጣሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ነበር?»

«ኧረ ማን ይጠይቃል?»

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የፊልሙ ሰዎች ዕቃቸውን ጥላ ሥር አኑረው ሲያርፉ፣ ዛንኬ የአባቱን አሮጌ ካፖርት ለብሶ አደባባዩ ዳር ቆመ። ከበሮ መቺው መጣ። ወሬው እንዴት እንደተሰማ አይታወቅም፤ ሰው ከእርሻው ሳይቀር ተጠራርቶ ክቡን ሞላው፤ ሁሉም ግን የሚያየው ዛንኬን ሳይሆን ሲታንን ነበር። ፋሙሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠ። አዘጋጁ ሃሚዱም ሳህኑን እንደያዘ ከኋላ ቆመ።

ዛንኬ ገባ። ሩዝ ውኃ ውስጥ እየተከለ ያደገ ሰው እንደሚራመድ፣ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እያነሣ፣ ከማረፉ በፊት መሬቱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ይራመዳል፤ አንድ እጁን ጀርባው ላይ አጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ልክ እንደ ነጭ ሳቢሳ ወፍ። በደረቅ አቧራ ላይ እንደዚያ የሚሄድ ሰው ማየት ሳይናገርም ያስቃል። ሞሎባሊ ግን ይናገራል፤ ያውም አፉ አይከደንም። መልማዩ ሚዛን ላይ ሲያቆመው፣ «ለምንድን ነው የምትመዝነኝ፤ ልትሸጠኝ ነው ወይስ ልትበላኝ?» ይለዋል። መርከብ ላይ ሆኖ ባሕሩን ያህል ውኃ በጨው ያበላሸው ማን እንደሆነ ያጣራል። የፈረንሳይ ላም ቀኑን ሙሉ ተኝታ ስትበላ አይቶ፣ በማን ፈቃድ እንደሆነ ራሷን ላሚቱን ይጠይቃታል። አሥር አለቃው ተኩስ ሲለው ወደዚያኛው ወገን በጣቱ እያመለከተ፣ «ሰውዬው ምን አድርጎህ ነው?» ይላል። ጥያቄውን ከመጠየቁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል፤ የጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይይዝና ራሱን ወደ ጎን ያዘነብላል።

ሰው የሚስቀው ጥያቄው ሳይደርስ፣ ገና እጁ ወደ ጆሮው ሲነሣ ነበር።

ሲታን ጣቶቿ የት እንዳሉ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። የገዛ ጆሮዋን ይዛለች። በሕይወቷ ሙሉ አንድ ነገር በጠየቀች ቁጥር ጎረምሶች ለምን ፊታቸውን እንደሚያዞሩ፣ ትናንት አሮጊቷ ለምን እንደሸሸች ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባት። አይተውት የማያውቁትን ሰው በእሷ ላይ ያዩት ኖሯል። ሳቋ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ አመለጣት፤ ክቡም እሷን እያየ በከፊል ሲያምቀው የቆየውን ሳቅ ሁሉ ለቀቀው፤ ከበሮ መቺው ሳይቀር ምት ሳተ። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «የላሟን ድገምልኝ» ብላ ጠየቀች፤ ዛንኬም ደገመላት።

ከዚያ ከበሮው ዘገየ። ዛንኬ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ተማርከዋል፤ ጠመንጃቸውን አስረክበዋል። እግሩን አሁንም ከፍ እያደረገ ይራመዳል፤ የሚስቁትም ልጆች ብቻ ናቸው። ነጮቹ ምርኮኞች ወደ አንድ ወገን፣ ጥቁሮቹ ወደ ሌላ ወገን እየተለዩ ይቆማሉ። የማረካቸውን መኮንን ሆኖ የሚጫወት ሰው የለም፤ ቦታው ባዶ ነው። ዛንኬ በባዶው ቦታ ፊት ቆመ፤ ጆሮውን ያዘ።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ እነሱ ወደዚያ፣ እኛ ወደዚህ። ለምን?»

ከበሮው ቆመ። ጨዋታው ያ ብቻ ነው። ቡጋሪ ቁስለኛ ተሸክሞ ከኋላ ቀርቶ ስለነበር ያየውን አይቷል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ርሸና ግን አንድም ጊዜ ተጫውቶት አያውቅም። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወደየሥራው ሄደ። ከስልሳ ዓመት በላይ በየዓመቱ ሲጠናቀቅ የኖረው እንዲህ ነበር። ሲታን ብቻ ከምንጣፏ ሳትነሣ ባዶውን ቦታ ስታይ ቆየች።

ሃሚዱ ወደ ቤቷ የመጣው ጥላው ረዘም ሲል ነው። በእሱ ጽሑፍ ሞሎባሊ የሚሞተው ጠመንጃ ይዞ፣ ጓደኞቹን ለማስመለጥ ሜዳውን ብቻውን እየሮጠ ነበር፤ ትዕይንቱም የሚነሣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ውኃ ቀርቦለት ከጠጣ በኋላ ስለ ልጅነቱ ያጫውታት ጀመር። ፓሪስ ውስጥ በአንድ ሲኒማ አዳራሽ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ሣጥን የሚሸከም፣ ጥርሱን የሚያሳይ ወታደር በመጣ ቁጥር አዳራሹ ሲስቅና የጎረቤቱ ልጅ ዞሮ እሱን ሲያየው እንደነበር ነገራት። ያንን ወታደር እሷም በኖራ ግድግዳ ላይ ታውቀዋለች።

«በኔ ፊልም ማንም አይስቅባቸውም ብዬ ነው የማልኩት፤» አላት። «እጃቸውን ሰጥተው እንደ በግ ሲታረዱም አላሳይም ብያለሁ። እርስዎ የሚነግሩኝ ግን ሁለቱንም እንዳፈርስ ነው።»

«እኔ ምንም አልነገርኩህም፤ የመጣኸው አንተ ነህ።» ከዚያ ድምፅዋን አለዘበች። «ስማ ልጄ። አንተ የሠራኸው ሰውዬ ጎበዝ ነው። በየቀኑ መርቄዋለሁ፤ አሁንም ይቅናው። አባቴ ግን አይደለም። ሌላ ስም አውጣለት።»

ስሙ መቃብሩ ላይ እንዳለ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣውም ስሙን ብሎ እንደሆነ አስረዳት።

«ስሙን ከፈለግህ እንግዲያ ሰውየውንም ውሰድ።»

«ቢስቁስ?»

«ላሟ ላይ ይሳቁ፤ እኛስ ሳቅን አይደል? መጨረሻው ላይ የሚስቅ ካለ ግን እሱን ማወቅ እኔም እፈልጋለሁ።»

ሃሚዱ ተነሥቶ ወጣ። በሚቀጥሉት ቀናት ሥራ ቆመ። ከወንዙ ዳር ስልክ ይዞ ከፓሪስ ሰዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ይታይ ነበር፤ አንዳንዴም ጽሑፉን አውጥቶ ያነብና ሳይጽፍበት መልሶ ያጥፈዋል። ፋሙሳ በበኩሉ ማንም ሳያዘው ከዛንኬ ግቢ ውሎ መግባት ያዘ። ዛንኬ ልጁን እንደ ዶሮ ትጭራለህ፣ የፓሪስ አስፋልት እግርህን አበላሽቶታል እያለ ሲሰድበው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ የሲሶኮ ዘር የት ይማራል ሲልም አባቱን ጨመረለት። በመጨረሻ ወደ ሩዝ ማሳ ይዞት ገብቶ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ አመላለሰው። ሲወጣ፣ «አሁን ትንሽ ሰው ሆነሃል» አለው፤ ከዛንኬ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የሞቱ ትዕይንት የሚነሣው ከመስኖው ቦይ ዳር ነበር። በዚያ የተተከሉት ባሕር ዛፎች፣ አናታቸው እስካልታየ ድረስ፣ የፈረንሳይ ዛፍ ሆነው ያልፋሉ ተብሏል። የሲታን ወንበር ወደዚያ ተወሰደ። በጠዋቱ ምርቃት ጊዜ ሃሚዱ ተራውን ጠብቆ ቀረበና ሁለቱንም፣ ስሙንም ሰውየውንም፣ እንደወሰደ በአጭሩ ነገራት። እሷም ከሌሎቹ ረዘም አድርጋ መረቀችው።

መኮንኑን የሚጫወተው ማርተን የተባለ ቤልጂየማዊ ነበር፤ ፀሐይ የሚፈራ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ለመንደሩ ልጆች ብስኩት ሲያከፋፍል የሚውል ሰው ነው። ዩኒፎርሙን ሲለብስ ግን ልጆቹ አይጠጉትም። በጽሑፉ ላይ የእሱ ሥራ ጥቁሮቹን በእጁ ወደ ቦዩ ማመልከትና መጮህ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የተጨመረለት ነገር አልነበረም።

ሃሚዱ ጀምሩ አለ። ምርኮኞቹ እጃቸውን አንሥተው ከዛፎቹ መካከል ወጡ፤ ፋሙሳም አራተኛው ሆኖ መጣ፤ እግሩ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እየተነሣ፣ ሣሩን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ። ከካሜራው በስተኋላ የቆሙት የሶሮባ ሰዎች ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አንዱን ሳቅ አመለጠው። ዝም በል ያለው ግን አልነበረም። ሲታን ዓይኗን ከእግሩ አልነቀለችም፤ ማርካላ ግድግዳ ላይ «ይኼ አይደለም» እያለች ያለፈቻቸው ሁሉ አሁን ከፊቷ ገለል ያሉላት መሰላት።

ነጮቹ ወደዚያ፣ ጥቁሮቹ ወደዚህ ተለዩ። ፋሙሳ ከማርተን ፊት ቆመ። ቀስ ብሎ አንድ እጁን ከላይ አወረደና ጆሮውን ያዘ።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ እነሱ ወደዚያ፣ እኛ ወደዚህ። ለምን?»

ማርተን እጁን አነሣ፤ አፉንም ከፈተ። ጩኸቱ አልወጣም። እጁ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ዞር ብሎ ሃሚዱን አየው፤ ምን ልበለው የሚል ይመስላል። ሃሚዱ በጽሑፉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር አልነበረውም፤ ቁሙም አላለም። ካሜራው ይሠራል።

ሲታን ከወንበሯ ተነሣች። ዛንኬ የእናቷን ነገር አስቦ ክው አለ፤ እሷ ግን የሄደችው ወደ ቦዩ ነው፤ የግራ ጆሮዋ ትንሽ ይከብዳታልና ቀኙን አስቀድማ ወደ ሁለቱ ሰዎች ተጠጋች።

«ተመለሽ፣ ፊልሙ ውስጥ ትገቢያለሽ፤» አላት ዛንኬ በሹክሹክታ፣ ነጠላዋን ከኋላ ይዞ።

«ዝም በል፤» አለችው ሳትዞር። «ሊመልስለት ነው።»